ከዜሮ እስከ አስር

ስላይደሩን 5 ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ቡናው በርዷል፤ ፕሮግራሙ አንድ መነሻ ቁጥር ስጪኝ ሲለኝ መሃል ላይ ያለውን ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ ሲታይም ያምር ነበር። ክቧ ልክ መሃል ላይ፣ ግራና ቀኟ እኩል። ሴቭ አድርጌ ተኛሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት። ቀን ቀን አንድ የክፍያ አፕ ላይ እሠራለሁ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን የጎን ሥራ እይዛለሁ። ከያዝኳቸው አንዱ የአንዲት ነርስ የማስተርስ ጥናት ነበር። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ለዓመታት የሠራች፣ ሁሉም ሰው "ሲስተር" የሚላት ሴት ናት፤ እኔም እዚህ ሲስተር እላታለሁ። ጥናቷ ከኦፕሬሽን በኋላ ስላለ ህመም ነው። ታካሚው ከወጣ በኋላ በተለያየ ሰዓት "ህመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ላይ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ስለ ተደረገለት እንክብካቤ የሚጠይቁ መጠይቆች አሉ። በወረቀት ልትሠራው ነበር። "ወረቀቱን ኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚገለብጥልኝ ሰው የለኝም" አለችኝ። በታብሌት ይሁን ተባባልን።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ኮቦ ቱልቦክስና ኦዲኬ የሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች አሉ፤ እዚህ አገር ለጥናት ቤት ለቤት የዞረ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ ግን የራሴን አፕ በፍላተር ልጻፍ አልኩ። ምክንያቴን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፦ ኮቦ ላይ ፎርም መሥራት ለሲቪዬ ምንም አይጨምርልኝም ነበር።

አንድ ሌላም ነገር ልናዘዝ። ያኔ ጥናቱን ብዙም አላከበርኩትም። እኛ ስንማር መለኪያ ማለት ካሊብሬት የሚደረግ ነገር ነው። ቴርሞሜትሩን በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ ዜሮ ካላለ ትጥይዋለሽ። "ስንት ያምዎታል?" ብሎ ጠይቆ የተሰጠውን ቁጥር መዝገብ ላይ ማስፈር እንዴት ነው መለካት የሚባለው? አንደኛው ታካሚ 6 ሲል ሌላኛውም 6 ሲል አንድ ነገር ማለታቸው ነው? ሲስተርን እንደዚሁ አድርጌ ጠየቅኳት፤ ትንሽም የመብለጥ ስሜት ነበረኝ።

አልተቆጣችም። "ታዲያ በምን ልለካው?" አለችኝ። "የደም ግፊቱን ብለካ፣ ልብ ምቱን ብቆጥር፣ ሁለቱም ደህና ሆነው ሰውየው ህመም ላይ ሊሆን ይችላል። ፊቱን አይቼ ልገምት? እኛ ነርሶች ስንገምት ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርገን ነው የምንገምተው፤ በተለይ ህመሙ ሲከብድ። ይሄ በየአገሩ ተጠንቶ የተገኘ ነው።" ከዚያ ማርጎ ማካፈሪ ስለምትባል አሜሪካዊት ነርስ ነገረችኝ። ማካፈሪ በ1968 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ያስቀመጠችው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ህመም ማለት የታመመው ሰው "ይሄ ነው" የሚለው ነው፤ "አለ" ባለ ጊዜም አለ። ዛሬ ቀላል ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን አልጋ ላይ ያለው ሰው "አመመኝ" ሲል ማመን አለማመን የሐኪሙና የነርሷ ምርጫ ነበር። ቁጥሩ ሰውየውን ለማመን የተገኘ ዘዴ ነው። ይሄን በደንብ የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ያኔ "እሺ" ብዬ ኮዴን ቀጠልኩ።

መጠይቆቹን አማርኛ ለማድረግ ሦስት ቅዳሜ ተገናኘን። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ አንዱ ሰው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ይነጻጸራሉ። እኔ ጽሑፉን አፑ ውስጥ ለማስገባት ነበር የሄድኩት፤ ጭቅጭቁ ውስጥ ግን ገባሁ። "አልፎ አልፎ" ይበልጣል ወይስ "አንዳንድ ጊዜ"? ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነን ተከፈልን። መጠይቁ ግን አንዱን 1፣ ሌላውን 2 አድርጎ ሊደምራቸው ነው።

አሉታዊ ጥያቄዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። "ባለፈው ሌሊት እንቅልፍ አላጡም?" ስትሉት አንዱ "አዎ" ይላል፤ አላጣሁም ማለቱ ነው። ሌላው "አዎ፣ አጥቻለሁ" ይላል። ሁለቱም አማርኛ ነው። መጠይቅ አዘጋጆች እንዲህ ያሉ የተገለበጡ ጥያቄዎችን ሆን ብለው ጣል ያደርጋሉ፤ ሳያነብ ሁሉንም "እስማማለሁ" የሚለውን ሰው ለመያዝ። እኛ ጋ ሲመጣ ግን የሚያነበውንም ይይዘዋል።

የህመም ቃላችንማ ምን ልበላችሁ። አማርኛ ህመምን በብዛት በመጠን አይናገርም፤ በግብር ነው የሚናገረው። ራስ ይፈልጣል። ጎን ይወጋል። ቁስል ይጠዘጥዛል። ጉልበት ይቆረጥማል። ጥርስ ይነዘንዛል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፤ "አመመኝ" ስንል አድራጊው እኛ አይደለንም። የሆነ ነገር መጥቶ እኛ ላይ የሚያደርሰው ነው። ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል ካናዳዊ ተመራማሪ በ1975 ባወጣው የማክጊል የህመም መጠይቅ ውስጥ 78 የህመም ቃላት በ20 ምድብ ተደርድረዋል። በሽተኛው ቃሉን ይመርጣል፣ ቃሉ ወደ ነጥብ ይለወጣል። ሲስተር ይሄንን ነበር መጀመሪያ የወደደችው። ግን ረጅም ነው፤ ከሰመመን ገና በነቃ ሰው ላይ አይጫንም። ስለዚህ ከ0 እስከ 10 ቀረ።

እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ አልገባም። ለሙከራ ከጠየቀቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ አዛውንት "አስር ይሁንልኝ" አሏት ፈገግ ብለው። ግራ ገብቷት ስትጠይቃቸው ለካ እንደ ትምህርት ቤት ማርክ ወስደውት ነው፤ አስር ከአስር! ደህና ነኝ ማለታቸው ነበር። የፊት ሥዕል ያለበትንም ሞክራ ነበር፤ ዎንግና ቤከር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1983 ለሕፃናት ብለው የጀመሩትን፣ ከሚስቀው ፊት እስከሚያለቅሰው ስድስት ፊት ያለውን። አንድ ጎረምሳ ሰውነቱ በላብ ተነክሮ ሦስተኛውን ፊት አሳያት። "ለምን የመጨረሻውን አላልክም?" ስትለው "እኔ መች አለቀስኩ?" አላት። የሥዕሉ መመሪያ እኮ ይሄን ይናገራል፤ የመጨረሻውን ፊት ለመምረጥ የግድ ማልቀስ አያስፈልግም ይላል። መመሪያው ግን እንባ አይታይበትም፤ ፊቱ ላይ ነው የሚታየው።

ሲስተር በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር። አፑ ካለቀ በኋላ ከአምስት ከስድስት ሰው ጋር ቁጭ ብለን፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲሰሙ ምን እንደገባቸው በራሳቸው አፍ እንዲነግሩን እናድርግ። የታወቀ ዘዴ ነው። እኔ "ጊዜ የለም፣ በኋላ እናስተካክላለን" አልኳት። ሶፍትዌር ላይ እንደዚያ ነዋ የምንለው፤ ዛሬ ልቀቂው፣ ነገ አፕዴት አድርጊው።

ጥናቱ ተጀመረ። ዳታ ሰብሳቢዎቹ ተማሪ ነርሶች ነበሩ፤ ዳታው በየማታው ወደ ሰርቨሩ ይገባል፣ እኔ ስንት መዝገብ እንደገባ ብቻ አያለሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኛል። ውስጡን አልከፈትኩትም።

ከዚያ እናቴ ታመመች። የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ይዞ ነበርና በሌላ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ተደረገላት። በትልቁ ነው የተከፈተችው፤ ቀኝ ጎኗ ላይ ከጎድን አጥንቷ ሥር። አስታማሚ ሆኜ አደርኩ። ማታ ላይ አንዲት ነርስ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ሌላ ሰው አብሯት የለም።

"ማዘር፣ ህመሙ ከዜሮ እስከ አስር ቢባል ስንት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።"

"ቁጥር ይንገሩኝ።"

እማዬ ወደ እኔ አየች፤ ወደ ነርሷ አየች። "ሦስት በዪው" አለች።

ነርሷ 3 ጻፈችና ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሄደች። በብዙ ቦታ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 3 ቀላል ህመም ይባላል፤ 4 ሲደርስ ነው መካከለኛ ተብሎ ተጨማሪ ማስታገሻ የሚታሰበው። እኔ ይሄን አውቃለሁ። ኮድ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከ4 በታች አረንጓዴ፣ ከ4 ጀምሮ ብርቱካናማ፣ ከ7 ጀምሮ ቀይ። እናቴ አረንጓዴ ናት። አረንጓዴዋ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ ያውም በግማሽ ትንፋሽ።

"እማዬ፣ እውነት ሦስት ነው?"

"ምነው፣ በዛ?"

"አነሰ እንጂ።"

"አስር ምንድነው አለችኝ እሷ? ከዚህ የባሰ የለም የሚባለው አይደል? ያንቺን ምጥ ነዋ አስር ያልኩት። ሁለት ቀን ነው ያማጥኩሽ። ከሱ ጋር ሲተያይ ይሄ ምን አላት።"

ምን ትላላችሁ? የመለኪያው የላይኛው ጫፍ እኔ ነበርኩ። ስለ መለኪያ አራት ዓመት ሙሉ ተምሬአለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን የምላት ጠፋኝ።

ቆይታ ደግሞ "ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ስንቱን ታየው" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ "በዛ ካልኩ ነገ ቤት አይሰዱኝም ብዬ ነው" አለችኝ። አንድ ቁጥር ናት፤ ውስጧ ግን የሃያ ስምንት ዓመት ምጥ አለ፣ ለሰው ማዘን አለ፣ የቤት ናፍቆት አለ። ህመሙም የሆነ ቦታ ላይ አለ።

ተነስቼ ነርሷን ተከተልኳት። "እናቴ ሦስት ያለችው..." ብዬ ስጀምር "እሳቸው ያሉትን ነው የምጽፈው እህቴ" አለችኝ። ሳይቆጣ ነው የተናገረችው። ልክም ነበረች! ማካፈሪ ያለችው እኮ ይሄንኑ ነው፤ የታመመው ሰው ያለው ነው እውነቱ፣ የአስታማሚው ግምት አይደለም። በመጽሐፉ ከሆነ ተሸንፌአለሁ።

ግን ተመልሳ መጣች። አልጋው ጎን ዝቅ አለችና "ማዘር፣ እስቲ አንዴ ሳል ይበሉ" አለቻት። እማዬ ሞከረች። ሳሉ ግማሽ ላይ ቆመ፣ እጇ ወደ ቁስሉ ሄደ፣ እንባዋ ሳታስፈቅዳት ወረደ። "አሁንስ?" አለቻት። "ይሄማ ሰባት ነው" አለች እማዬ፣ እንደተገረመች። ነርሷ 3ቱን አላጠፋችውም፤ ጎኑ ላይ "ሲያስሉ 7" ብላ ጨመረች። መርፌውን ወጋቻት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ በሙሉ ትንፋሽ ተኛች። ከሆድ ኦፕሬሽን በኋላ በደንብ ያልተነፈሰና ያላሳለ ሰው ሳንባው ችግር ሊያገኘው እንደሚችል ሲስተር ቀደም ብላ ነግራኛለች። ስለዚህ በ3 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ያን ሌሊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሲስተርን ዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡን ላየው ፈለግኩ። ስንት ሰው 3 ብሎ ይሆን? የህመሙን ቁጥሮች አወጣሁና ግራፍ አደረግኳቸው።

5 ከጎረቤቶቹ መካከል እንደ ፎቅ ቆሟል። 4 አጭር፣ 6 አጭር፣ መሃላቸው 5። መጀመሪያ "የሰው ልጅ መሃል ይወዳል" ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። እሱም እውነትነት አለው፤ ሰው መሃል ይመርጣል። ግን እንዲህ አይመርጥም። ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የተቆየበትን ጊዜ የያዘውን ሎግ ከፈትኩ። ከ5ቶቹ ብዙዎቹ ከሁለት ሰከንድ በታች ናቸው። በሁለት ሰከንድ ጥያቄውን እንኳ አንብቦ መጨረስ አይቻልም።

እዚያው ወንበር ላይ በረደኝ። የፍላተር ስላይደር ያለ ቁጥር አይሠራም፤ መነሻ ካልሰጠሽው ኮዱ አያልፍም። እኔ 5 ሰጠሁት። ባዶ ተትቶ እንዳይታለፍ ብዬ ደግሞ "ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት" የሚል ማረጋገጫ ጽፌ ነበር፤ እሱም አይቶ፣ 5 አለ፣ ተመልሷል፣ ይለፍ ይላል። ታካሚው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። እያቃሰተ መልስ አልሰጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ ነርስ ሌላ ቦታ ተጠርታ "ቀጥል" የሚለውን ተጭና ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እኔ መለስኩላቸው፤ መካከለኛ ህመም። ጣት ስላይደሩን ነክቶት እንደሆነ ደግሞ አልመዘገብኩም። ስለዚህ የእውነት 5 ያለውን ሰው እኔ ካልኩለት ሰው መለየት አይቻልም።

ለሲስተር መንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እውነቱን ለመናገር አንዱን ቀን የፈጀሁት ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ ሳስብ ነው። ማንም አያውቅም ነበር። ዳታው ንጹሕ ነው፣ አንድ ክፍት ቦታ የለውም፤ አማካሪዋም ይሄንኑ አመስግኗል። የመጠይቆቹን ጥራት የሚለካው ቁጥርም አያጋልጠኝም። ክሮንባክ የተባለ ሰው በ1951 ያወጣው አልፋ የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ0.7 በላይ ከሆነ ተመራማሪው እፎይ ይላል። አልፋ ግን የሚያየው መልሶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው። ሳያነቡ ሁሉንም "እስማማለሁ" የሚሉና ሳያነቡ ሁሉንም "አልስማማም" የሚሉ ሰዎች ብትቀላቅሉበት ሰማይ ይነካላችኋል። ለነገሩ የህመሙ ጥያቄ አንድ ብቻ ስለሆነ አልፋ እሱን አይመለከተውም። ከሁሉ በፊት የሚመለከተኝ እኔን ነው።

ካፌ ቀጠርኳትና ግራፉን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው የውሸት?"

"ማወቅ አይቻልም።"

"5ቶቹን ብናወጣቸውስ?"

"የእውነት 5 ያሉትም አብረው ይወጣሉ።"

ማኪያቶዋን አማሰለች። የመመረቂያ ጊዜዋ ቅርብ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከሥራ የወሰደችው ፈቃድም እያለቀ ነበር። የተከፈለኝን ልመልስ አልኳት። "እሱን ተይውና" አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "ወረቀት ቢሆን ኖሮ ባዶ ይቀር ነበር። ባዶ ሲሆን ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ለምን አልተሞላም እላለሁ። አሁን የቱ ጋ ሄጄ ልጠይቅ?"

ለአማካሪዋ ራሷ ነገረችው። ያ ሁሉ የህመም ዳታ ተጣለ፤ ከመጀመሪያው እንደገና ይሰብሰብ ተባለ። ከዚያ ዙር ጋር አልተመረቀችም። ይሄን ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ የጻፍኩት ማስረዘሙ ስለከበደኝ ነው።

ሁለተኛውን አፕ ስንሠራ ብዙ ተጨዋወትን፤ ያኔ ነው ስለ ሙያዋ በደንብ የሰማሁት። ስለ ነርሶች መሰላቸት የተሠራ አንድ ጥናት ላይ መላሽ ሆና እንደነበር ነገረችኝ። ማስላክ የምትባል ሳይኮሎጂስት ከባልደረባዋ ጋር በ1981 ያወጣችው፣ ሥራው ምን ያህል ጊዜ ልብ እንደሚያዝል የሚጠይቅ 22 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። ወረቀቱን የምትሰበስበው ኃላፊያቸው ነበረች። "ያን ቀን አንድም የደከመው ነርስ አልነበረም" አለችኝ፣ ሳቀችም። ታካሚውንም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ "በነርሶቹ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?" ሲለው ያው ነው፤ ነገም እጃቸው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የእርካታውን መጠይቅ ጋውን ያልለበሰ ሰው፣ በመውጫ ቀን፣ ከክፍሉ ውጭ እንዲጠይቅ ተደረገ።

ቁጥርን እንደ አምላክ ያመለኩትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ ህመም "አምስተኛው የሕይወት ምልክት" ይባል ተባለ፤ ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከደም ግፊት ጋር አብሮ ይለካ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ከዚያ ቁጥሩን ማውረድ ራሱን የቻለ ግብ ሆነ፤ ኦፒዮይድ መድኃኒቶች በገፍ መታዘዛቸው ያስከተለው ቀውስ ሲመጣ ይሄም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ተብሎ ተወቀሰ። በ2016 የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር አባባሉ ይቅር ብሎ ወሰነ። እኛ ጋ ችግሩ በአብዛኛው በተቃራኒው በኩል ነው፤ ህመሙ ሳይጠየቅ፣ ሳይጻፍ፣ መድኃኒቱም እንደልብ ሳይገኝ። ጤና ሚኒስቴር "ከህመም ነፃ ሆስፒታል" የሚል እንቅስቃሴ ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው፤ ነርሷ ህመምን እየጠየቀች ቻርት ላይ እንድታሰፍር። ስለዚህ "ቁጥር ምን ያደርጋል" የሚለው የድሮ ፉከራዬ አሁን አይመቸኝም። እናቴ ያን መርፌ ያገኘችው ቻርቱ ላይ 7 ስለተጻፈ ነው። 7 የተጻፈው ደግሞ አንዲት የደከማት ልጅ ተመልሳ መጥታ በሌላ ቃል ስለጠየቀቻት ነው። አንዱን ከሌላው ነጥዬ ማየት አልቻልኩም።

አዲሱ ስክሪን ስላይደር የለውም። አሥራ አንድ ቁልፎች ናቸው፣ ሲከፈት አንዳቸውም አልተመረጡም። ከሥራቸው "ተኝተዋል"፣ "መመለስ አልቻሉም"፣ "መመለስ አልፈለጉም" የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ እነሱም መልስ ናቸው፣ ይቆጠራሉ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ዝም ብለው ተኝተው፣ አንዴ ሲያስሉ። መጨረሻ ላይ ታካሚው በራሱ አፍ ያለው ቃል የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ሲስተር "ይወጋኛልና ይጠዘጥዘኛል ለየብቻ ናቸው፣ ማን እንዳለው ማወቅ እፈልጋለሁ" ብላ ያስጨመረችው ነው። ያ "ጊዜ የለም" ያልኩት ቁጭ ብሎ መጠየቅም በዚህ ዙር ተሠራ።

የመጀመሪያውን ሰው የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እቤት። እማዬ ድና ቡና እየቆላች ነበር። ታብሌቱን ያዝኩና፣ ጥያቄውን እንደተጻፈ አነበብኩላት፦ "አሁን ያለዎት ህመም ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? 0 ማለት ምንም ህመም የለም፣ 10 ማለት ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ህመም ማለት ነው።"

መቁሊያውን አወዛወዘች፤ አሰበች። "አራት" አለች።

ደነገጥኩ። "እማዬ! ቁስሉ ያምሻል እንዴ እስካሁን?"

"ኧረ ቁስሉስ ድኗል። ጉልበቴን ነው እንጂ።"

"የኦፕሬሽኑን እኮ ነው የምጠይቅሽ!"

"ታዲያ እሱን ብለሽ ጠይቂያ" አለችኝ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። "አሁን" ከሚለው ቀጥሎ "ኦፕሬሽን በተደረጉበት ቦታ ላይ" የሚል ጨመርኩና ቡናው እስኪፈላ ለሲስተር ላክሁላት።